ከሰማይ የሚቆጠር ችግኝ፦ ድሮን ለአዲስ አበባ ችግኝ ነጋዴ ምን ይጠቅመዋል?

"ድሮን" ሲባል የአብዛኛው ሰው ሐሳብ የሚሄደው ወደ ጦርነት ነው። ባለፉት ዓመታት ቃሉን የለመድነው ከጦር ዜና ጋር ነው። ስለዚህ "ድሮን ችግኝ ጣቢያ ላይ ይሠራል" ሲባል ሰው ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። አንዱ ከሰማይ ዘር የሚበትን ማሽን ይመስለዋል። ሌላው መድኃኒት የሚረጭ ነው ይላል። ሠራተኛ የሚያባርር ሮቦት መጣ ብሎ የሚሰጋም አለ።

ዘር የሚበትኑም መድኃኒት የሚረጩም ድሮኖች በእርግጥ አሉ። እዚህ የምናየው ግን ከእነሱ ቀለል ያለውን ነው። ካሜራ የተሸከመ ትንሽ ድሮን ከችግኝ ጣቢያው በላይ ይመላለሳል። ብዙ ፎቶ ያነሳል። ፎቶዎቹ በኮምፒውተር ተሰፍተው አንድ ካርታ ይሆናሉ። ከካርታው ላይ ችግኝ ይቆጠራል፣ የታመመው ይለያል፣ የመደብ አቀማመጥ ይታቀዳል። ጥያቄው ይህ ነገር በተለይ መሀል አዲስ አበባ ላይ ለሚሠራ ችግኝ ነጋዴ ያዋጣል ወይ የሚለው ነው።

ጥያቄው አሁን ለምን መጣ?

በሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. መንግሥት በ12 ሰዓት ውስጥ ከ353 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን ካስታወቀ ወዲህ የችግኝ ቁጥር የአደባባይ ወሬ ሆኗል። ስንት ተፈላ፣ ስንት ተተከለ፣ ስንቱ ጸደቀ የሚለው ክርክር በየክረምቱ ይነሳል።

ሁለተኛው ምክንያት ለከተማው ነዋሪ ይበልጥ ይቀርባል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የኮሪደር ልማቱ ፒያሳን፣ አራት ኪሎን፣ ካዛንቺስንና ሌሎች የመሀል ከተማ ሰፈሮችን መልካቸውን ቀይሯል። የመንገድ ዳር አበባ፣ ሣር፣ ዘንባባና የጥላ ዛፍ በብዛት ተፈልጓል። የፈላጊው ዓይነትም ተለውጧል። ድሮ የችግኝ ደንበኛ ለግቢው አምስት ጽጌረዳና ሁለት አቮካዶ የሚገዛ ሰው ነበር። አሁን ተቋራጭ መጥቶ በሺህ የሚቆጠር፣ ቁመቱ እኩል የሆነ ችግኝ በተቆረጠ ቀን ይፈልጋል።

ይህ ደንበኛ ሦስት ነገር ይጠይቃል። ስንት አለህ? ቁመቱ ስንት ነው? መቼ ይደርሳል? ብዙው ችግኝ ነጋዴ ለሦስቱም የሚመልሰው በግምት ነው። ድሮን የሚባለው ነገር ወሬው የሚጠነክረው እዚህ ክፍተት ላይ ነው።

መቁጠር ቀላል የሚመስለው ለምንድን ነው?

አንድ መደብ እንውሰድ። ስፋቱ 1 ሜትር፣ ርዝመቱ 10 ሜትር ነው። በላዩ 8 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው ጥቁር የፕላስቲክ ፖቶች ጎን ለጎን ተደርድረዋል። በአንድ ሜትር ላይ 12 ፖት ይቀመጣል። በአንድ ካሬ ሜትር 12 በ12፣ ማለትም 144 ይሆናል። መደቡ በሙሉ 1,440 ይይዛል። እንዲህ ያሉ 100 መደቦች ያሉት ጣቢያ 144,000 ችግኝ አለኝ ሊል ይችላል።

ችግሩ የተቆጠረው ፖት መሆኑ ነው። ዘሩ ያልበቀለበት፣ ቡቃያው በሥር አበስብስ በሽታ የወደቀበት፣ ዶሮ የጫረው ፖት ሁሉ እዚያው መደብ ላይ ቁጭ ብሏል። ከአሥር ፖት አንዱ ባዶ ቢሆን 14,400 ችግኝ በመዝገብ አለ፣ በመደብ የለም። ነጋዴው ይህን የሚያውቀው አብዛኛውን ጊዜ መኪናው መጥቶ ሲጫን ነው።

ድሮን ይህን ስህተት ማረም ይችላል፤ ዝቅ ብሎ ከበረረ። በደህና ድሮኖች ላይ የተለመደውን ባለ 20 ሜጋ ፒክስል ካሜራ የያዘ ድሮን በ30 ሜትር ከፍታ ቢበር፣ እያንዳንዱ የፎቶ ነጥብ መሬት ላይ 0.8 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሸፍናል። ነጥቡ ፒክስል የሚባለው ነው፤ ፎቶ የሚሠራበት ትንሹ የቀለም ጠብታ። ስለዚህ አንድ ፖት በስፋቱ አሥር ነጥብ ያህል ያገኛል። ባዶ ፖትና ቅጠል ያለው ፖት ይለያያሉ። ያው ድሮን 100 ሜትር ላይ ቢወጣ ግን ፖቱ ሦስት ነጥብ ብቻ ይደርሰዋል። ከዚያ መቁጠር ሳይሆን መገመት ነው።

ሳተላይትስ? በነጻ የሚገኘው የአውሮፓው ሴንቲኔል 2 ምስል አንድ ነጥቡ 10 ሜትር በ10 ሜትር ነው። በእኛ ስሌት 14,400 ፖት በአንድ ነጥብ ውስጥ ይገባል። ለሰፊ ደንና ለእርሻ ማሳ ትልቅ ጥቅም አለው። ለችግኝ መደብ ግን አይሆንም። በዚያ ላይ ክረምት ሲገባ ደመናው ይጋርደዋል፤ ድሮን ግን ከደመናው በታች ነው የሚበረው።

ድሮንም ቢሆን ጊዜውን ካላወቀ ይሳሳታል። ችግኞቹ አድገው ቅጠላቸው ሲነካካ ከላይ የሚታየው አንድ አረንጓዴ ምንጣፍ ነው። ኮምፒውተሩ አምስቱን አንድ አድርጎ ይቆጥራል። ስለዚህ ትክክለኛው ጊዜ ቅጠል ከመነካካቱ በፊት ነው። የጥላ መረብ የተዘረጋበት መደብ ደግሞ መረቡ ካልተገለጠ አይታይም። በፕላስቲክ ቤት ውስጥ ያለ ችግኝማ ጭራሽ ከጨዋታው ውጭ ነው።

"በሽታን ዓይን ከማየቱ በፊት ያያል" ይባላል። እውነት ነው?

በከፊል። ጉዳዩን ለመረዳት ቅጠል በብርሃን ምን እንደሚያደርግ ማወቅ ይበቃል። ጤነኛ ቅጠል ቀዩን ብርሃን ለምግብ ማዘጋጃ ይጠቀምበታል፤ የሚመልሰው ጥቂቱን ብቻ ነው። ለሰው ዓይን የማይታየውን፣ ከቀዩ ቀጥሎ ያለውን ብርሃን ግን በብዛት ይመልሳል። ይህ ብርሃን ቅርብ ኢንፍራሬድ ይባላል። ሁለቱንም የሚለካ ልዩ ካሜራ አለ። የሁለቱ ልዩነት ለድምራቸው ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ኤንዲቪአይ ይባላል። ከአሉታዊ 1 እስከ 1 ይሄዳል።

ለምሳሌ አንድ ቅጠል ከኢንፍራሬዱ 50 በመቶ፣ ከቀዩ 8 በመቶ ቢመልስ ቁጥሩ 0.72 ይሆናል። ሌላው 35 በመቶና 12 በመቶ ቢመልስ 0.49 ይወጣል። ሁለተኛው አንድ ነገር ሆኗል ማለት ነው። ምን እንደሆነ ግን ቁጥሩ አይናገርም። ውሃ ጠምቶት ይሆናል። ማዳበሪያ አንሶት ወይም ሥሩ ታፍኖ ሊሆን ይችላል። ሌላም አለ፦ ችግኙ ትንሽ ከሆነ በነጥቡ ውስጥ አፈሩና ጥቁሩ ፕላስቲክ አብረው ይገባሉ። ቡቃያው ጤነኛ ሆኖ ሳለ ቁጥሩ ዝቅ ይላል።

ከላይ ማየት የሚያመጣው አንድ ሌላ ስህተት አለ፤ እምብዛም ሲነገር አይሰማም። ናይትሮጂን በተክል ውስጥ ይንቀሳቀሳል። ሲያንስ ተክሉ ከአሮጌው ቅጠል ወስዶ ለአዲሱ ይሰጣል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚገረጣው የታችኛው ቅጠል ነው። ብረት ደግሞ እንደዚያ አይንቀሳቀስም። ሲያንስ የሚገረጣው ከላይ ያለው ለጋ ቅጠል ነው፤ ደም ሥሩ አረንጓዴ ሆኖ መሀሉ ቢጫ ይሆናል። ድሮን የሚያየው ከላይ ነው። የብረት እጥረትን ቶሎ ይይዛል። የናይትሮጂኑን ግን የላይኛው ቅጠል ሸፍኖበት ዘግይቶ ነው የሚደርስበት። ጎንበስ ብላ መደብ የምታርም ሠራተኛ በተቃራኒው የታችኛውን ቅጠል ቀድማ ታያለች።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስተማምነው የውሃ ጉዳይ ይመስለኛል። ተክል ሲጠማ የቅጠሉን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይዘጋል። ላብ እንደማያወጣ ሰው ይሞቃል። ሙቀት የሚለካ ካሜራ ይህን ያያል። ካርታው ላይ አንድ ሞቃት መስመር ከታየ፣ ብዙ ጊዜ የተደፈነ ቱቦ ወይም የውሃ ጎማው የማይደርስበት የመደብ ጫፍ ነው። ይህ ወዲያው የሚስተካከል ነገር ነው። ችግሩ እነዚህ ካሜራዎች ከተራው ካሜራ በብዙ እጥፍ ይወደዳሉ።

ለማቀድ ሲሆን፦ ጥላ የሚጥለው ማን ነው?

ድሮን ከተለያየ አቅጣጫ ካነሳቸው ፎቶዎች የቦታውን ከፍታና ዝቅታ ማውጣት ይቻላል። ይህ የከፍታ ካርታ ይባላል። ውሃ ወዴት እንደሚፈስ፣ ዝናብ የት እንደሚተኛ ያሳያል። በወንዝ ዳር ላለ ጣቢያ ክረምት ሲመጣ የትኛው መደብ እንደሚጥለቀለቅ ቀድሞ ማወቅ ቀላል ነገር አይደለም።

በመሀል ከተማ ግን ከውሃው እኩል የሚያሳስበው ፀሐይ ነው። ዙሪያውን ሕንፃ እየበቀለ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ9 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ስለዚህ የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በአንድ ወገን አትቆምም። በበጋ በደቡብ በኩል ታዘነብላለች። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ አካባቢ ደግሞ በሰሜን በኩል ናት።

ይህ በመደብ ላይ ምን ያመጣል? ከጣቢያው በስተደቡብ 30 ሜትር ከፍታ ያለው ሕንፃ ቆመ እንበል። በታኅሣሥ እኩለ ቀን ላይ ጥላው ወደ ሰሜን 19 ሜትር ገደማ ይደርሳል። 19 ሜትር ማለት በቁመታቸው ወደ ሕንፃው ለተዘረጉ መደቦች ሁለት መደብ ያህል ነው። ያው ሕንፃ በሰሜን በኩል ቢሆን ኖሮ በበጋ ምንም አይከለክልም። በሰኔ ግን ወደ ደቡብ 8 ሜትር ያህል ጥላ ይጥላል።

ትርጉሙ ለሥራው ቀጥተኛ ነው። ዘር የሚዘራውና ቡቃያው ወደ ፖት የሚዛወረው በአብዛኛው በበጋ ነው። ለጋ ቡቃያ ጥላ ይወዳል። ስለዚህ የደቡቡ ሕንፃ ጥላ እርግማን ብቻ አይደለም፤ የጥላ መረብ ወጪ ሊቀንስ ይችላል። ክረምት ሲቃረብ ደግሞ ችግኙ ፀሐይ መልመድ፣ ውሃ መቀነስ አለበት። ይህ ማጠንከር ይባላል። በዚያ ሰዓት የሚጠነክረው ችግኝ ከሰሜኑ ሕንፃ ጥላ ራቅ ብሎ መቀመጥ ይኖርበታል። እንዲህ ያለ እቅድ ለማውጣት የከፍታ ካርታ ያግዛል። የጎረቤት ሕንፃን ቁመት ለሚያውቅ ሰው ግን ወረቀትና እርሳስም ይበቃል።

ሰማዩ የማን ነው?

እዚህ ላይ ብዙ የኢንተርኔት ወሬ ዝም ይላል። በኢትዮጵያ ድሮን ያለ ፈቃድ ማስገባትም ማብረርም አይቻልም። የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር የሚሰጠው ፈቃድ አለ፤ የአየር ክልሉን የሚመራው ደግሞ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው። ፈቃድ ሳይዝ ከውጭ ይዞ የመጣ ሰው ዕቃው ጉምሩክ ላይ እንደሚያዝበት ማወቅ አለበት።

መሀል ከተማው ደግሞ ከሌላው ይበልጥ ጥንቃቄ የሚበዛበት ነው። የአራት ኪሎው ቤተ መንግሥትና ብሔራዊ ቤተ መንግሥት አሉ። የአፍሪካ ኅብረትና የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን አሉ። የቦሌ አየር ማረፊያ ከመስቀል አደባባይ ብዙ አይርቅም። ካዛንቺስ አጠገብ ላለች ትንሽ ጣቢያ በየሳምንቱ የበረራ ፈቃድ አገኛለሁ ብሎ ማቀድ እውነታውን መርሳት ነው።

የጎረቤትም ነገር አለ። 30 ሜትር ላይ ያለ ካሜራ ከአጥር በላይ ያያል። የተሰጣ ልብስ፣ ጓሮ፣ መስኮት ፎቶው ውስጥ ይገባል። በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ወጥቷል። የሰው ምስል ከተቀረጸ ጉዳዩ የጨዋነት ብቻ ሳይሆን የሕግም ይሆናል።

ተፈጥሮም የራሷን ሕግ ታወጣለች። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። የድሮኑ ክንፎች ያንኑ ክብደት ለማንሳት ፈጥነው መሽከርከር አለባቸው፤ ባትሪው ሣጥኑ ላይ ከተጻፈው ቀድሞ ያልቃል። ጭልፊትም አትርሱ። አዳኝ ወፎች ድሮንን እንደ ተቀናቃኝ አይተው እንደሚመቱ ይታወቃል፤ የአዲስ አበባ ሰማይ ደግሞ ጭልፊት አጥቶ አያውቅም።

ማን ይጠቀማል፣ ማን ይጎዳል?

ድሮንን የሚደግፉ ሰዎች ክርክራቸው ግልጽ ነው። ትልቅ ትእዛዝ ለመቀበል ትክክለኛ ቁጥር ያስፈልጋል። ቀኑ የተጻፈበት ካርታ ያለው ነጋዴ ከባንክም ከተቋራጭም ጋር ሲነጋገር የሚያሳየው ነገር አለው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ ሰብልንና ከብትን የመሰለ ንብረት ለብድር ማስያዣ እንዲሆን በር ከፍቷል። ምን ያህል እንዳለህ ማሳየት ካልቻልክ ግን የተከፈተው በር አይጠቅምህም። ይህ ክርክር ሚዛን ይደፋል።

የሚቃወሙት ደግሞ ሁለት ነገር ያነሳሉ። አንደኛው ሥራ ነው። በችግኝ ጣቢያ የሚሠሩት ብዙዎቹ ሴቶችና በማኅበር የተደራጁ ወጣቶች ናቸው፤ እንጀራቸው እንዳይነካ ይሰጋል። ስጋቱ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን መቁጠር በዓመት ጥቂት ቀን ነው የሚፈጀው። ጉልበቱ የሚያልቀው አፈር በመንፋት፣ ፖት በመሙላት፣ ውሃ በማጠጣት፣ አረም በመንቀልና ሥር በመቁረጥ ነው። ድሮን ከእነዚህ አንዱንም አይሠራም።

ሁለተኛው ክርክር የበለጠ አሳማኝ ነው፦ ገንዘቡ ያለቦታው ይውላል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ ዕቃ የሚገዛበት ዶላር በብር ሲሰላ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። መሀል ከተማ ያሉ ብዙ ጣቢያዎች ደግሞ በወንዝ ዳርና በመንገድ ዳር፣ በጊዜያዊነት በተያዘ ቦታ ላይ ናቸው። ነገ ተነሣ ሊባል የሚችል ሰው የአምስት ዓመት እቅድ በድሮን አያወጣም። እንዲህ ላለው ነጋዴ ቅድሚያ የሚሰጠው ውሃ መያዣ ሮቶና ጥሩ የጥላ መረብ ነው ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ መልሱ እንደ ጣቢያው መጠን ይለያያል። ከከተማው ወጣ ብለው በሄክታር የሚለካ መሬት ላይ የሚያፈሉ ድርጅቶች አሉ። ለእነሱ ፈቃድ ያለው ባለሙያ በዓመት ሁለት ጊዜ ቢቀጥሩ ያዋጣቸዋል፤ አንዴ ቡቃያው ወደ ፖት ከተዛወረ በኋላ፣ አንዴ ለክረምት ሽያጭ ከመድረሱ በፊት። ድሮኑን መግዛት ግን አያስፈልጋቸውም።

ለትንሹ ጣቢያ፦ ቀርከሃና ስልክ

መሀል ከተማ ላለው ትንሽ ጣቢያ ከድሮኑ የሚጠቅመው ዘዴው ነው። ረጅም ቀርከሃ ጫፍ ላይ ስልክ ይታሰራል። ካሜራው ወደ መሬት እንዲያይ ይደረጋል። ፎቶውን በራሱ በየጥቂት ሰከንዱ እንዲያነሳ ይስተካከላል። ሰውየው በመደቦቹ መሀል በቀስታ ይራመዳል። አንዱ ፎቶ የሌላውን አብዛኛውን ክፍል እንዲደግም ካደረገ፣ ኦፕን ድሮን ማፕ የመሰሉ ነጻ ፕሮግራሞች ፎቶዎቹን ሰፍተው ካርታ ያወጣሉ። በ5 ሜትር ከፍታ ተራ ስልክ እንኳ ከ2 ሚሊ ሜትር ያነሰ ነገር ይለያል። ይህ 30 ሜትር ላይ ካለው ድሮን በብዙ ይበልጣል። የበረራ ፈቃድ አይጠይቅም። የጎረቤት መስኮትም አያይም።

ካርታው ከወጣ በኋላ የሚቀረው መዝገቡ ነው። የመደብ ቁጥር፣ የተክሉ ዓይነት፣ በሕይወት ያለው ብዛት፣ የፎቶው ቀን። ባሕር ዛፍ በወራት ለተከላ ይደርሳል፤ ዝግባ ከዓመት በላይ ይቆያል። ሁለቱን በአንድ ዓይን ያየ መዝገብ ለተቋራጩ የማይሆን ቀን ይቆርጣል።

በመዝገቡ ላይ አንድ ሌላ ዓምድ ያስፈልጋል፤ እሱን ድሮንም ስልክም አይሞሉትም። ችግኝ በፖት ውስጥ ከመጠን በላይ ሲቆይ ሥሩ እንደ ገመድ ይጠቀለላል፣ ወይም ፖቱን በስቶ መሬት ይገባል። ከላይ ሲታይ ግን ለምለም ነው። የኤንዲቪአይ ቁጥሩም ያማረ ነው። ገዢው ወስዶ ይተክለዋል፣ ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላ ነፋስ ሲገፋው ይወድቃል፣ ወይም ቆሞ ይደርቃል። ይህ የሚታወቀው ፖቱን አንስቶ ታቹን በመገልበጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ዓምዱ ላይ የሚጻፈው ሥሩ መጨረሻ የተቆረጠበት ቀንና የቆረጠው ሰው ስም ነው።